«ኒኚታ» ትንሿ ልጅ አይደለችም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቡናው እስኪፈላ መነጽሬን አድርጌ ከቤተሰብ ገጽ እጀምራለሁ። ባለፈው ወር እዚያ ገጽ ላይ ከስፓኒሽ የተመለሰ አጭር ታሪክ አወጣችሁ። አንዲት አያት የታመመች የልጅ ልጇን ስታስተኛ የሚያሳይ ነው። ታሪኩን ወድጄዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ግን አንድ ነገር ከውስጤ አልወጣ አለ። አያትየዋ ልጅቷን በየመስመሩ «ትንሿ ልጄ»፣ «ትንሿ እናቴ»፣ «ትንሿ ልቤ» ትላታለች። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ተኚ፣ ትንሿ ትንሽ ልጄ» ብላ መብራቱን ታጠፋለች።

የማውቃት የትኛዋም አያት፣ ጎንደርም ትኑር ሐቫና፣ ልጅ ስታስተኛ እንዲህ አትልም።

ተርጓሚውን ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው። ደክመዋል፤ ታሪኩ ያምራል። የጻፉት መዝገበ ቃላቱ የሚለውን ነው። መዝገበ ቃላት በስፓኒሽ ቃል መጨረሻ የሚገቡት «ኢቶ» እና «ኢታ» ማሳነሻ ናቸው ይላል። እውነቱን ነው። «ካሳ» ቤት ከሆነ «ካሲታ» ትንሽ ቤት ነው። «ኒኛ» ሴት ልጅ ናት፤ ግን አንዲት እናት ልጇን «ኒኚታ» ስትላት ቁመቷን እየለካች አይደለም። ያንን ነገር እኔ በልጅነቴ፣ በጆሮዬ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አባቴ በ1970 ዓ.ም. ኦጋዴን ላይ ቀረ። በ1972 ዓ.ም.፣ አሥራ ሁለት ዓመቴ ሲሆን፣ እንደኔ አባቶቻቸው ከሞቱባቸው ሌሎች ልጆች ጋር ወደ ኩባ ተላክሁ። የወሰዱን «ኢስላ ደ ላ ሁቬንቱድ» ወደምትባለው፣ ከዋናው የኩባ መሬት በስተደቡብ ወዳለችው ደሴት ነው። የወጣቶች ደሴት ማለት ነው። ስሟ እኛ ከመድረሳችን ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በፈረንጆች 1978፣ ነው የተቀየረው፤ በፊት የጥድ ደሴት ትባል ነበር። የአንጎላ ልጆች ነበሩ። የሞዛምቢክ ልጆች ነበሩ። የናሚቢያም ነበሩ። ሁሉም በየትምህርት ቤቱ ነው። ግማሽ ቀን እንማራለን፣ ግማሽ ቀን የፍራፍሬ እርሻ ላይ እንሠራለን። የምንለቅመው «ቶሮንሃ» የሚሉትን፣ ብርቱካን የሚመስል ግን ትልቅና መረር የሚል ፍሬ ነው። ከዓመታት በኋላ ነው ያወቅሁት፣ «ቶሮንሃ» እና የእኛ «ትርንጎ» ሁለቱም ከዓረብኛ የመጡ ዘመዳሞች ናቸው። ያኔ ባውቀው ኖሮ አንድ የአገር ልጅ እንዳገኘሁ እቆጥረው ነበር።

ወጥ ቤት የምትሠራ አንዲት ሴት ነበረች። ሁላችንም «ቲያ» ነው የምንላት፤ አክስቴ ማለት ነው። ጠቆር ያለች፣ ወፍራም፣ ክንዷ ላይ የዘይት ጠባሳ ያላት ሴት ናት። በደረስኩ በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን ሳልበላ ትሪዬን መለስኩ። ጥቁር ባቄላና ሩዝ ነበር። አልወረደልኝም። እሷ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለችና «ኬ ቴ ፓሳ፣ ሚማ?» አለችኝ። ምን ሆንሽ ማለቷ እንደሆነ ከፊቷ ገባኝ። «ሚማ» ግን ምን እንደሆነ ማታ አንድ ቀደም ብሎ የመጣ ልጅ ጠየቅሁ። «እማ እንደማለት ነው» አለኝ።

እማ! ትልቅ ሴትዮ እኔን፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ እማ ትለኛለች። የሌላ አገር ልጅ ቢሆን ግራ ይገባው ነበር። እኔን ግን ግራ አላጋባኝም። አልጋዬ ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። ምክንያቱም የገዛ እናቴም የምትጠራኝ «እናቴ» እያለች ነበር። «ነይ እናቴ፣ ብይ እናቴ።» ወንድሜን «አባቴ» ነው የምትለው። ኩባዎችም እንደዚያው ናቸው። ሴቷን ልጅ «ማሚ»፣ «ማሚታ»፣ «ሚማ» ይላሉ። ወንዱን «ፓፒ»፣ «ፓፒቶ»፣ «ፒፖ» ይላሉ። ውቅያኖስ ተሻግሬ ሄጄ የእናቴን አጠራር በሌላ ቋንቋ አገኘሁት።

ስለዚህ የጋዜጣችሁ ታሪክ ውስጥ «ትንሿ እናቴ» የሚለውን ሳይ፣ አንድ ቃል ብቻ ሰርዤ «እናቴ» ብዬ አነበብኩት። ወይም «እናትዬ»። ሌላ ምንም አያስፈልገውም ነበር። አማርኛው ቤቱ ውስጥ ነበር፤ ውጭ መፈለግ አላስፈለገም።

የኔ ስም አበባ ነው። ቲያ የስሜን ትርጉም ስትሰማ እጇን አጨበጨበች። አበባ በስፓኒሽ «ፍሎር» ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ፍሎሬሲታ» ሆንኩ። አስተማሪያችን «ፍሎሪታ» ለምን እንደማይባል አስረድታናለች። ቃሉ በ«ኤ»፣ በ«ር» ወይም በ«ን» ሲያልቅ፣ ወይም እንደ «ካፌ» መጨረሻው ላይ ጠበቅ ሲል፣ መሐል ላይ «ሲ» የምትል ድልድይ ይገባል። «ካፌ» «ካፌሲቶ» ይሆናል። «ማድሬ»፣ እናት፣ «ማድሬሲታ» ይሆናል። ሕጉ ሁልጊዜ አይሠራም፤ ግን ጆሮ ይለምደዋል።

ኩባዎች ሌላም ነገር አላቸው። የቃሉ የመጨረሻ ፊደል «ት» ላይ ከሆነ «ኢቶ» አይሉም፣ «ኢኮ» ይላሉ። ድመት «ጋቶ» ነው፤ የእነሱ ድመት «ጋቲኮ» እንጂ «ጋቲቶ» አይደለም። ጫማ «ሳፓቶ»፣ የሕፃን ጫማ «ሳፓቲኮ»። ጥቂት ጊዜ «ራቲኮ»። ውሻ ግን «ት» ስለሌለበት «ፔሪቶ» ነው። ኮስታ ሪካዎችም እንደዚህ ስለሚያበዙ ነው ጎረቤቶቻቸው «ቲኮ» የሚል ስም ያወጡላቸው። ቺኪቶ፣ ማለትም ትንሽዬ፣ ለኩባ እናት አልበቃ ካላት «ቺኪቲኮ» ይሆናል። በማሳነሻ ላይ ማሳነሻ ነው። ተርጓሚው «ትንሿ ትንሽ» ያሉት እንደዚህ ያለ ነገር ገጥሟቸው ይመስለኛል። እኔ ብሆን «ሚጢጢዬ» እል ነበር።

ስለ «ኝ» ላንሳ። የስፓኒሽ መጀመሪያ ትምህርታችን ላይ አስተማሪዋ ሰሌዳ ላይ «ኒኞ» ብላ ጻፈች፤ ወንድ ልጅ ማለት ነው። ከዚያ ፊደሉን አሳየችን። የላቲኑ «ን» ነው፣ ግን ራሱ ላይ ትንሽ ጭረት አለበት። ድምጹን ስታወጣው እኛ ኢትዮጵያውያን እርስ በርስ ተያየን። አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ ሰሌዳው ጋ ሄደና «ነ» ብሎ ጻፈ። ራሱ ላይ መስመር ጨመረበትና «ኘ» አደረገው። አስተማሪዋ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ስፔኖች ድሮ ሁለት «ን» ሲደራረብ አንዱን አሳንሰው ላዩ ላይ ይጽፉ እንደነበር፣ ያ ጭረት እሱ እንደሆነ ነገረችን። እነሱና እኛ ሳንመካከር አንድ ዓይነት ባርኔጣ ነው የደፋንለት። «ኒኞ» ለእኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ የባዕድ ቃል አይደለም።

ግን ልጅን የሚጠሩበት ቃል «ኒኞ» ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኩባ ውስጥ ሕፃን «ፊኜ» ይባላል። ገጠር ውስጥ «ቤሂጎ» ይሉታል። ከፍ ያለው «ቻማ» ነው። ትምህርቴን ጨርሼ ነርስነት ለመማር ሐቫና ስገባ ደግሞ ሌላ ዓለም ገጠመኝ። ከቺሊ፣ በፈረንጆች 1973 በተካሄደው መፈንቅለ መንግሥት ምክንያት የተሰደዱ ቤተሰቦች ሐቫና ነበሩ። አንዷ ልጃቸው አብራኝ ትማር ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ መጣችና «ጓጓዋ ታማ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛንም» አለችን። ኩባዊቷ ጓደኛችን ከልቧ ደንግጣ «መካኒክ አልጠራችሁም?» አለቻት።

ኩባ ውስጥ «ጓጓ» አውቶቡስ ነው። ቺሊ ውስጥ «ጓጓ» ጨቅላ ሕፃን ነው፤ ከኬቹዋ ቋንቋ፣ ከአንዲስ ተራሮች ሰዎች የመጣ ቃል። የታመመችው የአጎቷ አራስ ልጅ ነበረች። እኔ ደግሞ መሐል ላይ ቆሜ ሦስተኛውን «ጓጓ» አስባለሁ፤ የእኛውን፣ የናፈቀውን፣ ያሰኘውን። ደሴቷ ላይ ሳለን እሑድ እሑድ ወደ ኑዌቫ ሄሮና ከተማ የምትወስደንን ጓጓ ጓጉተን እንጠብቅ ነበር። ይህን ለቺሊያዊቷ ስነግራት ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ከእሷና ከሌሎቹ ነው ብዙውን የለቀምኩት። አርጀንቲናዎች «ፒቤ» ይላሉ። ኡራጓዮች «ጉሪ» ይላሉ፤ ከጓራኒ ቋንቋ ነው። ሆንዱራስና ኤል ሳልቫዶር «ሲፖቴ»፣ ጓቴማላ «ፓቶሆ»፣ ቬኔዝዌላ «ቻሞ»። ሜክሲኮዎች ልጁ ሲያስቸግር «ኤስኩዊንክሌ» ይሉታል። ከጥንቱ የናዋትል ቋንቋ የመጣ ነው፣ ውሻ ማለት ነበር። ስፔን ውስጥ «ቻባል» አለ፤ ከሮማዎች፣ ጂፕሲ ከሚሏቸው ሕዝቦች ቋንቋ የተወሰደ። እዚያው ስፔን «ክሪዮ» የሚልም አለ። ይህ ቃል ይበልጥ ደስ ይለኛል። «ክሪያር» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ማጥባት፣ ማሳደግ። ክሪዮ ያደጉት፣ ያጠቡት ማለት ነው። የእኛን «ሕፃን» አስቡት። ግዕዙ «ሐፀነ» ነው፤ አሳደገ፣ አቀፈ። «ሕፅን» እቅፍ ነው። ላቲኖቹ ግን ሕፃንን «ኢንፋንስ» ነው ያሉት፤ የማይናገር ማለት ነው። የሮም ሰው ልጁ የማይችለውን አይቶ ስም አወጣ። ግዕዝ ልጁ ያለበትን ቦታ አይቶ ስም አወጣ። እኔ ከግዕዝ ጋር ነኝ።

የስም ቁልምጫቸውም ከእኛ ብዙ አይርቅም። ፍራንሲስኮ «ፓንቾ» ይሆናል። ኢግናሲዮ «ናቾ»፣ ሉዊስ «ሉቾ»፣ ሮሳሪዮ «ቻሮ»፣ ኢሳቤል «ቻቤላ»። «ስ» የነበረው ሁሉ «ች» ሆኖ ይመጣል፤ አፍ የሚፈታ ሕፃን እንደሚለው ነው። የእኛን ጌታቸውን «ጌች»፣ ተስፋዬን «ተስፍሽ» ስንል የምናደርገው አንድ ነው። ፍቅር ሲመጣ ምላስ ወደ ላንቃ ይለሰልሳል።

ኳስ የምትወዱ አንባቢዎችም ሳታውቁት ብዙ የልጅ ቃል ታውቃላችሁ። የእህቴ ልጅ የሊቨርፑል ደጋፊ ነው። ስለ ፈርናንዶ ቶሬስ ሲያወራ «ኤል ኒኞ» ይላል። «ልጁ ማለት ነው» ስለው ደነገጠ፤ የሚያስፈራ ነገር መስሎት ነበር። ለማንቸስተር ዩናይትድ የተጫወተው ሜክሲኳዊ ቺቻሪቶም አለ። አባቱም ኳስ ተጫዋች ነበሩ፤ ዓይናቸው አረንጓዴ ስለሆነ «ቺቻሮ»፣ አተር፣ ይባሉ ነበር። ልጁ «ቺቻሪቶ» ሆነ። መዝገበ ቃላቱ «ትንሹ አተር» ይለዋል። እኛ ብንሆን «አተርዬ» ነበር የምንለው። ማራዶናም የወርቁ «ፒቤ» ነበር።

አንድ ኤል ኒኞ ግን ያመኛል። በ2008 ዓ.ም. ሬዲዮው በየቀኑ «ኤልኒኞ» ይል ነበር። ክረምቱ ከድቶን፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ጠባቂ የሆነበት ዓመት ነው። ይህ ስም የመጣው ከፔሩ የባሕር ዳርቻ ዓሣ አጥማጆች ነው። የባሕሩ ውኃ በገና ሰሞን ሲሞቅ አይተው በሕፃኑ ኢየሱስ ስም ጠሩት። «ሕፃኑ» ማለታቸው ነበር። እኔ የማውቀው «ኒኞ» እንጀራ የሚቀርብለት እንጂ እንጀራ የሚነሳ አልነበረም። ያኔ የነበርኩበት የሕፃናት ክፍል የተጎዱ ልጆች እየመጡ አልጋ ሞልቶ ነበር። ጠዋት ሬዲዮ ላይ ስሙን ስሰማ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ልጆቹን ስመዝን እውላለሁ። ቃሉን ሳልሰማው ብውል የምመኝበት ጊዜ ነበር።

ነርስነቱ ራሱ ስለ ማሳነሻ ብዙ አስተምሮኛል። በስፓኒሽ የመርፌ ውጋት «ፒንቻሶ» ነው። «አሶ» የሚለው መጨረሻ የምት፣ የኃይል ድምጽ አለው። ሐቫና ያስተማሩን ትልቅ ነርስ ሕፃን ፊት «ፒንቻሶ» እንዳትሉ ይሉን ነበር። «ፒንቻሲቶ» በሉ። መርፌው ያው ነው፣ አልቀጠነም። ድምጹ ነው የቀነሰው። አዲስ አበባ ተመልሼ ሥራ ስጀምር ያንን እንዴት ላድርገው ብዬ ተጨነቅሁ። «ትንሽ ውጋት» ስል ልጆቹ «ውጋት» የሚለውን ይሰሙና ይጮኻሉ። አንዲት የቆዩ የክፍላችን ነርስ ሲሠሩ ቆሜ ሰማሁ። «ቆንጠጥ ታደርግሃለች፣ አለቀች፣ አባቴ» አሉት።

እዚች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለውን ተመልከቱ። «ቆነጠጠች» አላሉም፣ «ቆንጠጥ ታደርጋለች» ነው ያሉት። እንደ «ቀመስ ማድረግ»፣ እንደ «ዞር ዞር ማለት» ድርጊቱን ራሱን ቀለል አደረጉት። መርፌው ደግሞ ሴት ሆነ። እኛ አንድን ነገር ስንወደው ወይም ልናቀልለው ስንፈልግ ወደ ሴት እንወስደዋለን። «ሽሮዋን ቀመስ አድርጉ፣ ቡናዋን ፉት በሉ» እንላለን። ወንድ ሕፃንን «ነይ እስቲ፣ የት ነበርሽ?» እንለዋለን፤ ሴቷን «ና አንተ» እንላታለን። በላዩ ላይ «ዬ» አለን፤ ቆንጅዬ፣ ልጅዬ፣ ሚጢጢዬ። «የኔ» አለን፤ የኔ ጌታ፣ የኔ እመቤት፣ የኔ ማር። ስፓኒሽ አንድ ቃል ጭራ ላይ የሚያስቀምጠውን አማርኛ በአራትና በአምስት ቦታ በትኖ ነው የሚያስቀምጠው። ተርጓሚ ጭራውን ብቻ ከፈለገ አያገኘውም። «ትንሽ» የሚል ቃል አንስቶ ይለጥፋል።

ደግሞስ «ኢታ» ሁልጊዜ ትንሽ ከሆነ «አኦሪታ»ን ምን ልንለው ነው? «አኦራ» አሁን ነው። ትንሽ አሁን ይባላል? ሜክሲኮ ውስጥ አሁኑኑ ሊሆን ይችላል። ኩባ ውስጥ ግን ቆይቶ ማለት ነው። ቲያን «ምሳ መቼ ነው?» ስንላት «አኦሪታ» ካለች ሄደን እንጫወታለን። «ማንቴኪያ» ቅቤ ነው፣ ከ«ማንቴካ» የወጣ ማሳነሻ ነው፤ ትንሽ ስብ ብሎ የሚተረጉመው የለም።

ማሳነሻ ክፉም ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ። ሐኪሟን «ዶክቶርሲታ» ብሎ የሚንቅ ሰው አለ። በእኛም ትልቅ ሰውን «ይቺ» ብሎ ማሳነስ አለ። እሱን ለሌላ ቀን ላቆየው።

ሌላው የምነግራችሁ ከዛራጎዛ ስለመጡ ባልና ሚስት ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ብዙ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ ስፔን ይሄዱ ነበር። በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ እስኪቀር ድረስ ማለቴ ነው። በእረፍት ቀኔ እየተጠራሁ አስተረጉም ነበር። እነዚህ ሰዎች የሚወስዱት ልጅ አራት ዓመት ገደማ ነው። ግድግዳውን ተደግፎ፣ እጁን ኋላው አድርጎ ቆሟል። ሴትየዋ ወለሉ ላይ ተንበረከከችና «ቤን፣ ፔኬኚኮ» አለችው።

«ኢኮ!» ከስፔን ሰው አፍ «ኢኮ» እሰማለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። የወጣቶች ደሴት ወጥ ቤት የገባሁ መሰለኝ። በኋላ ስጠይቃት የእነሱ አገር፣ አራጎን፣ ከጥንት ጀምሮ «ኢኮ» የሚል እንደሆነ ነገረችኝ። «ት» ይኑር አይኑር ግድ የላቸውም፤ ውሻውንም «ፔሪኮ» ይሉታል። የከተማቸውን እመቤታችንን እንኳ፣ ፒላርን፣ «ፒላሪካ» ብለው ነው የሚጠሯት። ማርያምን በቁልምጫ የሚጠራ ሕዝብ ልጅ ማሳደግ አያቅተውም ብዬ በልቤ አሰብኩ።

ልጁ ግን አልተንቀሳቀሰም። ሴትየዋ ወደ እኔ አየች። ያለችውን ልተረጉምላት ነው የተቀጠርኩት። «ና፣ ትንሹ» ልለው እችል ነበር። ቃል በቃል ትክክል ነው። እኔ ግን «ና አባቴ» አልኩት። እጁን ከኋላው አወጣ። መጣ፤ ወደ እሷ ሳይሆን ወደ እኔ ነው የመጣው፣ እውነቱን ለመናገር። ከዚያ እኔ ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩት።

«ምን ብለሽው ነው?» አለችኝ። «አባቴ» ማለት ምን እንደሆነ ነገርኳት። እኛ አገር ልጅን አባቴ ማለት፣ ከፍቅር ሌላ፣ አንድ ቀን አንተ ታሳድገኛለህ፣ አንተ ትቀብረኛለህ ማለትም እንዳለበት ነገርኳት። ባልየው አስጻፈኝ። በላቲን ፊደል መዳፉ ላይ ጻፍኩለት። አውሮፕላን እስኪሳፈሩ ሁለቱም ሲለማመዱት ነበር። «አ-ባ-ቴ።» ጠብቆ አልመጣላቸውም፤ ልጁ ግን ይዞር ነበር።

ከአንድ ዓመት በኋላ ፎቶ ላኩልኝ። ልጁ በረዶ ላይ ቆሟል፣ ቀይ ኮፍያ አድርጓል። የፎቶው ጀርባ ላይ ስሙን አልጻፉም። «የኛ አባቲኮ» ነው ያሉት። አባት የእኛ፣ ኢኮ የእነሱ። ፎቶው አሁንም ከቲያ ፎቶ ጎን ሳሎኔ ውስጥ አለ።

ከጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት በትግላችን ሐውልት ባለፍኩ ቁጥር በኦጋዴን ጦርነት ከእኛ ጎን ተሰልፈው የሞቱትን የኩባውያን ወታደሮች ፎቶዎች ቆም ብዬ አያለሁ። እነዚያም ወጣቶች የአንዲት እናት «ፓፒቶ» ነበሩ። ይህን ግን ለተርጓሚው የምጽፈው ሐሳብ አይደለም፤ መጣብኝና ነው።

ለተርጓሚው የምለው አጭር ነው። እባክዎ መተርጎምዎን እንዳያቆሙ። በአማርኛ የስፓኒሽ ታሪክ ማንበብ ለእኔ ከዘመድ ደብዳቤ አይተናነስም። ቀጣዩ ታሪክ ላይ «ኢታ» እና «ኢቶ» ሲገጥምዎ ግን መዝገበ ቃላቱን ለአንድ ደቂቃ ይክደኑትና እናትዎ እርስዎን ምን ብለው ይጠሩዎት እንደነበር ያስታውሱ። እሱን ይጻፉት። ስፓኒሹ «ኮራሶንሲቶ» ካለ፣ ትንሽ ልብ አይበሉ። እኛ ፍቅርን የምናስቀምጠው ልብ ላይ ብቻ አይደለም፣ ወረድ ብለን ነው፤ «ሆዴ» ይበሉ፣ «አንጀቴ» ይበሉ። «ሚ ሲዬሎ»፣ ሰማዬ፣ ካለች «የኔ ዓለም» ትበል። ልጁ ወንድ ቢሆንና አያትየዋ በጣም ብትሳሳለት፣ አንድ ቦታ ላይ «ነይ» ትበለው። አንባቢው ይገባዋል።

ዝግጅት ክፍሉ ደግሞ ቢፈቅድልኝ ያንን የመጨረሻ መስመር እንደገና ብታወጡት ደስ ይለኛል። አያትየዋ የልጅቷን ግንባር በመዳፏ ትነካለች፤ ትኩሳቱ በረድ ብሏል። ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ትስብላታለች። «ተኚ፣ እናትዬ» ትበላት። ከዚያ መብራቱን ታጥፋው።

አክባሪያችሁ፣
አበባ፣ ጡረተኛ ነርስ
አዲስ አበባ